ዘር ያጣ ባሕር

በቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በተርታ የተደረደሩ ደሴቶች የአትላንቲክን ማዕበል ከሚገድቡበት ጀርባ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ መኸር የሚሰበሰበው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ነው። የሚዘራው ደግሞ በጥቅምት። ይህን ለአጎቴ ለጋሼ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው እኛ አገር ገበሬው በሬ ሲጠምድ እነሱ ያጭዳሉ፣ እኛ ማጭድ ስንስል እነሱ ይዘራሉ ማለት ነዋ!» አሉ። እንደዚያው ነው።

የሚታጨደው የባሕር ሣር ነው። የአገሩ ሰው ኢልግራስ ይለዋል፤ የሳይንስ ስሙ ዞስቴራ ማሪና ነው። ብዙ ሰው ባሕር ውስጥ የበቀለ አረንጓዴ ነገር ሲያይ ሁሉንም አልጌ ብሎ ያልፈዋል። አልጌ ሥር የለውም፣ አያብብም። ኢልግራስ ግን አሸዋና ጭቃ ውስጥ ሥር ሰዶ፣ አብቦ፣ ዘር የሚቋጥር እውነተኛ ተክል ነው። የአበባ ብናኙን እንኳ በውኃ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ለዚህም ሲባል ብናኙ ክብ መሆኑ ቀርቶ ቀጭንና ረጅም ሆኖ የተፈጠረ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ብዙ ሌሊት ስለ እሱ ሳነብ አድሬአለሁ። ለዓመታት ከዚህ ባሕር በሰዓታት መንገድ ርቀት ላይ ኖሬ አንድም ሰው አልነገረኝም ነበር።

እኔና ሣሩ የተዋወቅነው በክፉ ወቅት ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰባስበን፣ ጥብሱንም ድፎውንም ጭነን፣ ዮርክ ወንዝ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ወዳለ አንድ የአሸዋ ዳርቻ ወረድን። ዳርቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጠቆረ የቅጠል ክምር ተሸፍኖ ጠበቀን። ላዩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፣ ሥሩ በስብሶ ይሸታል፣ ዝንቡ ልክ የለውም። አክስቴ «ይኼ የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶ ነው!» ብለው ልጆቹን እየጎተቱ ወደ መኪናው መለሱ። ምግቡ ሳይፈታ ቀረ። እኔ ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማየት እስከ ደረቴ ውኃ ውስጥ ገባሁ፤ እዚያም ጄሊፊሽ ክንዴ ላይ ተጠመጠመብኝና ከእጄ አንጓ እስከ ትከሻዬ እሳት ሆነ።

ከጀልባው ላይ የሸርጣን ወጥመድ ሲያወርዱ የነበሩ አዛውንት ናቸው የደረሱልኝ። ኮምጣጤ አፈሰሱበት። ከዚያ አክስቴ ስለ ፍሳሽ የሚሉት ምን እንደሆነ ጠየቁኝና ስተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከክምሩ አንድ እፍኝ ዘግነው፣ አጥበው፣ ቅጠሉን እየለያዩ አሳዩኝ። «ይኼ ቆሻሻ አይደለም። ሣሩ ነው። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ቅጠሉን ይጥላል» አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «የሚያስፈራኝ መጣሉ አይደለም፤ ያልተመለሰባቸው ዓመታት ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢልግራስ ቀዝቃዛ ውኃ የሚወድ ተክል ነው፤ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ቨርጂኒያ ወደ ደቡባዊ ወሰኑ ትጠጋለች። ዘሩ ውኃው እየቀዘቀዘ ሲመጣ፣ በኅዳር ገደማ ይበቅላል። ብርዱን ታግሶ ያሳልፍና ከመጋቢት ጀምሮ ይገሰግሳል፤ በሚያዝያና በግንቦት ያብባል፤ ሰኔ ላይ ሣሩ ከምንጊዜውም በላይ ይንዠረገጋል። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል። የውኃው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ተክሉ ይጨነቃል፣ 30 ሲደርስ ይሞታል። እሱም እንደ እኛ ይተነፍሳል፤ ውኃው በሞቀ ቁጥር አተነፋፈሱ ይፈጥናል፣ ከፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጀው ምግብ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ገቢው ከወጪው ያንሳል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ቅጠሉን እየጣለ፣ ሥሩ ውስጥ ባጠራቀመው ስንቅ ይከርማል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ውኃው ሲቀዘቅዝ ከግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል። በጤናማ ዓመት ይህ ሁሉ ያለና የነበረ ነው። ውኃው ሲደፈርስ ግን ብርሃን ያጥረዋል፣ ስንቅ ሳያከማች ሙቀቱ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ቼሳፒክ ውስጥ የደረሰው ይህ ነው፤ በ2010 ደግሞ ተደገመ። አዛውንቱ «ያልተመለሰባቸው ዓመታት» ያሉት እነዚህን ነው።

ጄሊፊሹ ባቃጠለኝ ዓመት ብርዱ ሳያልፍ ከደሴቶቹ ጀርባ ያለውን ታሪክ አገኘሁት፤ ካገኘሁት ወዲህም ለማገኘው ሰው ሁሉ እነግራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢልግራስን በአትላንቲክ ግራና ቀኝ፣ በአሜሪካም በአውሮፓም፣ በሽታ መታው። አምጪው ላቢሪንቱላ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይበጣጠሳል፣ ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል። ከሣሩ ዘጠና በመቶ ያህሉ አለቀ። ቨርጂኒያ ላይ የተረፈችውን ጥቂት ደግሞ በኦገስት 1933 የመጣው ታላቁ አውሎ ነፋስ ጠራረጋት። ሣሩን ተከትሎ ስካሎፕ የሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ ጠፋ፤ ከእሱ ይኖሩ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ሥራ ፈቱ። ብርዱን ሣሩን እየጋጠ የሚያሳልፈው፣ ከአርክቲክ የሚወርደው ብራንት የተባለ ዝይ ቁጥሩ አሽቆለቆለ። ከኢልግራስ ቅጠል ሌላ መኖሪያ የማታውቅ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ነበረች፤ እሷ ከምድር ገጽ ጠፋች፣ ዳግም አልታየችም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን ያንገበገበኝ። በሽታው አለፈ። ውኃው ጠራ። ከደሴቶቹ ጀርባ ያለው ወለል ለሣሩ የሚስማማ ሆኖ ከስልሳ ዓመት በላይ ራቁቱን ተቀመጠ። ቦታው ስለከፋ አልነበረም፤ ዘር ነው ያጣው። የኢልግራስ ዘር ከውኃ ይከብዳል፣ ከእናቱ ጥቂት ሜትር እንኳ ሳይርቅ ይወድቃል። ዘር የቋጠረ ዘለላ ተቆርጦ ካልተንሳፈፈ በቀር ሩቅ አገር አይደርስም፤ በአቅራቢያው ደግሞ የሚቆረጥ ዘለላ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሳውዝ ቤይ በሚባለው ቦታ ጥቂት ሣር በቅሎ ተገኘ። ያኔ ነው የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሮበርት ኦርዝና ባልደረቦቹ፣ ይህ ወለል ሣር የሚያበቅል ከሆነ ዘሩን እኛ እናድርስለት ብለው የተነሡት። በ1999 መዝራት ጀመሩ። በ2020 ባሳተሙት ጥናት እንዳሰፈሩት፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር 213 ሄክታር ላይ በትነው፣ በ2018 ሣሩ ራሱ ተባዝቶ 3,612 ሄክታር ሸፍኖ ተገኘ። በሰው እጅ ከተመለሱ የባሕር ሣር ሜዳዎች ይህን የሚያህል የለም። ሥራው ደግሞ የብዙ ሰው ጉልበት ይፈልጋልና በየዓመቱ በግንቦት በጎ ፈቃደኞች ይጠራሉ።

ተመዘገብኩ። ጋሼም «አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ። ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ምንጃር ተወልደው በወጣትነታቸው አርሰዋል፣ ዋሽንግተን ከገቡ ወዲህ እስኪሸመግሉ ታክሲ ነድተዋል። «እርስዎ ዋና አይችሉም እኮ ጋሼ» ብላቸው፣ «አጨዳ ላይ ነዶ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል» አሉኝ። ክርክሩ በዚያው አበቃ።

ከኖርፎክ ማዶ ወደ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚያሻግረው መንገድ በ1964 የተከፈተ ነው፤ 28 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ላይ ይሄዳል። ድልድዩ መሀል ባሕር ላይ ያልቅና መንገዱ ከወለሉ በታች ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ መርከቦች በላዩ እንዲያልፉ። ጋሼ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከዋሻው እስክንወጣ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ይሰማኝ ነበር። ኦይስተር የምትባለዋ መንደር ስንደርስ ገና ማለዳ ነው። ጥቂት ቤት፣ ጥቂት ጀልባ፣ የኦይስተር ቅርፊት ክምር።

ሥራው የሚሠራው ባሕሩ ጎድሎ ሣሩ ለእጅ ሲቀርብ ነው። የጎማ ቱታ፣ መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የመረብ ከረጢት። ፊቴን ውኃው ውስጥ ስደፋው ሜዳው ከሥሬ ተዘረጋ። ቅጠሉ ሁሉ ከውኃው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል፤ በመካከሉ የሸርጣን ጫጩቶች፣ ከቅጠሉ የማይለዩ ቀጫጭን ዓሣዎች ይሽሎከለካሉ። ዘር የያዘው ዘለላ ከሌላው ፈዘዝ ያለ፣ ረዘም ያለና ቅርንጫፍ ያለው ነው። በጣት ሲዳሰስ ቅንጣቶቹ በሽፋናቸው ውስጥ ይቆጠራሉ፤ አንዱ ዘር ከሦስት ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዘለላውን ብቻ መቁረጥ ነው፣ ሥሩ አይነካም። ከረጢቴ ሲሞላ ጀልባው ላይ ለጋሼ አቀብላለሁ፤ እሳቸው ገንዳ ውስጥ ይገለብጡና ባዶውን ይመልሱልኛል። ዘለላው በባሕር ውኃ መሸፈን አለበት፤ ከደረቀ ዘሩ ይሞታል።

መመለሻችን ሲደርስ ሞተሩ ጮኸና ጠፋ። ጀልባ ነጂው ከፍቶ ሲያየው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ በአልጌ ተጠቅጥቋል። አረንጓዴው ሰፊ ቅጠል ኡልቫ ነው፤ ቀዩ ቅርንጫፋሙ ግራሲላሪያ፣ ከእስያ የመጣ እንግዳ ነው። አልጌው በዚህ ወር ነው የሚበዛው፤ ብርሃኑ ረዝሞ፣ ውኃው ሞቅ ብሎ፣ ነገር ግን ገና ሳይከፋ። ሥር የለውምና ንፋስና ሞገድ ወደፈለገው ይገፋዋል፣ በየጥጉ ይቆልለዋል። ነጂው በሽቦ እየጎረጎረ ሲያወጣ ሌላ ይስብበታል። በዚህ መሀል ባሕሩ ይብሱን እየጎደለ ሄደ። በዚያ አካባቢ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀት ለሌለው ቦታ ይህ ማለት ወለሉ ራሱ ይወጣል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ጀልባው ጭቃ ላይ ተቀምጧል።

ወርደን ለመግፋት ሞከርን። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ፤ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ፤ የኦይስተር ቅርፊት ተረከዜን ሰነጠቀው። ጀልባው ንቅንቅ አላለም። ነጂው በሬዲዮ ያለንበትን ተናገረ፤ ደኅና ነን፣ ሙላቱ እስኪመለስ እንጠብቃለን አለ። ለእኛ እንጂ ለዘሩ ግን ደኅና አልነበረም። ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ ለእጅ ለብ ብሏል። ጋሼ እጃቸውን ከተው አውጥተው፣ «ይኼ እኮ ሊቀቀል ነው!» አሉና ባልዲ አነሡ።

ከጀልባው ራቅ ብሎ ውኃ የቀረበት ጠባብ ቦይ ነበር። እኔ ጭቃው ውስጥ እየሰመጥኩ እስከዚያ ሄጄ እቀዳለሁ፣ ሌሎቹ እየተቀባበሉ ለጋሼ ያደርሳሉ፣ እሳቸው የሞቀውን እየደፉ በአዲሱ ይተኩታል። ነካሽ ዝንቦች ዓይናችን ውስጥ ይገባሉ፣ እጃችን ባልዲ ይዟልና አንከላከልም። በምዕራብ በኩል የብሱ ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ መብረቅ ይታየን ጀመር። በዚያ ሜዳ ላይ ከእኛ የሚረዝም ነገር አልነበረም። ነጂው አንቴናውን አጥፎ፣ ሁላችንም ጀልባው ወለል ላይ ጎንበስ ብለን እንድንቀመጥ አዘዘ። ጋሼ ገንዳዎቹን በሸራ ሳይሸፍኑ አልቀመጥም ብለው አስቸገሩት። ነጎድጓዱ ደረታችን ውስጥ ይሰማ ነበር። ዝናቡ መታን፤ መብረቁ ግን ወደ ሰሜን ታጥፎ ሄደ።

ካባራ በኋላ ነጂው ሳንድዊች አውጥቶ አካፈለን። አይብ ነበረው፤ ጋሼ የሰኔ ጾም ይዘዋልና አመስግነው መለሱለት። ከኪሳቸው ቆሎ አወጡ፣ ለእሱም ዘገኑለት፤ ደጋግሞ ጠየቀ። እየቆረጠመ የአያቱን ቤት ታሪክ አወራን። ከደሴቶቹ አንዱ ሆግ አይላንድ ነው፤ ብሮድዋተር የምትባል ከተማ ነበረችበት። ከ1933ቱ አውሎ ነፋስ በኋላ ነዋሪው ደሴቱን ለቀቀ፤ ቤቶቹን ሳይቀር በባርጅ ጭኖ ወደ የብስ አሻገረ። የአያቱ ቤት ከእነዚያ አንዱ ነው። አያቱ ስካሎፕ አጥማጅ ነበሩ፤ ሣሩ የነበረበትን ባሕር እየጠሩ ሲያወሩ ልጅ ልጆቹ ተረት ይመስላቸው ነበር። «አሁን እኔ ሞተሬ ውስጥ ሣር ሲገባ የምሳደብ ሰው ሆኛለሁ፣ እሳቸው ቢያዩ ያለቅሳሉ» አለ። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁት።

ስለ አልጌውም ያን ዕለት ነው የገባኝ። ሣሩ ጠፍቶ በነበረበት ዘመን ወለሉን የያዘው እሱ ነው። በግንቦትና በሰኔ ይቆለላል፣ ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲበረታበት በአንድ ጊዜ ይወድቃል፣ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ከሥሩ ያለው ፍጥረት ታፍኖ ይሞታል። ሣሩም ቅጠሉን ይጥላል፣ ግን ሥሩ ይቆያል፤ አሸዋውን ጨብጦ ይይዛል፣ ለሸርጣኑ ጫጩት የሚሆን ጥቂት መጠለያ ይተዋል። ሁለቱም ከሙቀት ጋር ይወድቃሉ፤ አወዳደቃቸው ግን የተለያየ ነው።

ባሕሩ ከመሸ በኋላ ተመለሰ። ከእሱ ጋር የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ሸርጣኖች እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ዳር መጡ፤ አንዱ በጀርባው ወድቆ ሲፍጨረጨር ጋሼ ጎንበስ ብለው ገለበጡት። ጀልባው ተንሳፈፈ። ምሽቱን ሙሉ ሞተሩን ሲያጸዳ የነበረው ነጂ በዝግታ አስነሣው፣ የመንገዱን ምልክቶች በባትሪ እየፈለግን ኦይስተር ገባን። ገንዳዎቹን ሲረከቡን አንዲት ወጣት ተመራማሪ ቴርሞሜትር ከተተች፤ ቁጥሩን ስታይ ፈገግ አለች። ጋሼ ምን አለች ብለው እስክተረጉምላቸው ድረስ እጇን ለቀቅ አላደረጉም።

የተሰበሰበው ዘለላ የባሕር ውኃ በሚፈስባቸው ትልልቅ ገንዳዎች ውስጥ ይቀመጣል። ይበሰብሳል፣ ዘሩ እየተለየ ወደ ሥር ይወርዳል። ከገለባው ያጣሩትና የሙቀቱን ወራት በገንዳ ያሳልፉታል። በጥቅምት እንደገና ሄድን። ጋሼ ይህን ጊዜ ጀልባው ላይ ቆመው የሚዘሩበት ተራ ደረሳቸው። ያቺው ወጣት ተመራማሪ መመሪያ ልትሰጣቸው ስትጀምር እሳቸው ዘሩን ዘግነው፣ ንፋሱን በጉንጫቸው ለክተው፣ ጤፍ እንደሚዘራ ሰው ክንዳቸውን ዘርግተው በተኑት። ውኃው ላይ ወጥ ሆኖ ወደቀ። እሷ መመሪያውን ተወችው። ከዚያ ሁሉ ዘር ከመቶው ዐሥሩ እንኳ አይበቅልም፤ የበቀለውም ዘር የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመቱ ነው። ይህን ስነግራቸው፣ «ታዲያ እንዲያ ከሆነ ብዙ መዝራት ነዋ» አሉና ጨምረው ዘገኑ።

በመመለሻችን ያነሡት ጥያቄ ግን አሁንም ያከራክረናል። ቼሳፒክ ውስጥስ ለምን አይዘራም? ተዘርቷል። ችግኙ ይወጣል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ይረግፋል። ከደሴቶቹ ጀርባ ውቅያኖሱ በቀን ሁለት ጊዜ የጠራ ቀዝቃዛ ውኃ ያመላልሳል፤ እዚያም ቢሆን በ2015 የሙቀት ማዕበል ሜዳው ክፉኛ ሳስቶ እንደገና ለመሙላት ዓመታት ፈጅቶበታል። ቼሳፒክ ግን ከየእርሻው ማዳበሪያና አፈር የሚታጠብበት ነው። በዝናባማ ዓመት ይበልጥ ይደፈርሳል። ኢልግራስ በለቀቀው ቦታ ሩፒያ የሚባል ሙቀት የሚችል ሌላ ሣር እየተተካ ነው፤ እሱም ቢሆን የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ብዙ ማዳበሪያ ካወረደበት ዓመቱን ሙሉ ይሳሳል። ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው፤ ከደሴቶቹ ጀርባ የጎደለው ዘር ነበር፣ እዚህ የጎደለው የጠራ ውኃ ነው፣ ውኃው እስኪጠራ ዘር መበተን ዘሩን መጨረስ ነው። ጋሼ አይቀበሉኝም። «ገበሬ ሰማዩ እስኪስተካከል አይጠብቅም» ይሉኛል። እኔም የዚያን ባሕር ሰማይ የሚያበላሸው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ሊጠየቅ ይችላል እላቸዋለሁ።

ሐምሌ በገባ ቁጥር ይደውላሉ። ሰላምታውን አሳጥረው፣ «ባሕሩ ስንት ዲግሪ ገባ?» ይላሉ። በይነመረብ ላይ አይቼ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ሃያ ስምንት ስላቸው ተቆጡ፤ እኔ ያሞቅሁት ይመስል። ከዚያ፣ «ከመሥሪያ ቤትሽ የጥቅምቱን ፈቃድ አሁኑኑ ጠይቂ፤ እኔ የመኪናውን ጎማ አስቀይራለሁ» አሉ።